ሊረዳ ሄዶ ሲረዱት የከረመው

የሕክምና ተማሪ አንድ አመት ላቋርጥ ነው ሲል ደከመኝ አይልም፣ ምክንያቱም ደከመኝ ካለ ይስቁበታል። ስለዚህ "ውጭ ሄጄ በጎ ፈቃድ ልሰራ ነው፣ በዛውም አገር አያለሁ፣ በዛውም ሶስት ቋንቋ እለምዳለሁ" ይላል። አባት ዝም፣ እናት እንባ፣ ጓደኞች ደሞ ቅናታቸውን ውጠው "ዋው እንዴት ደስ ይላል"። ማን ተው ይለዋል ታዲያ፣ በጎ ስራ ነዋ!

የሚከራከር ሰው ከተገኘ ጌቫራ፣ ያ ቼ የሚባለው አብዮተኛ፣ ይጠቀሳል። ሁሌም ይጠቀሳል። ኤርኔስቶ ጌቫራም እኮ የሕክምና ተማሪ እያለ ነው ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር በሞተር ደቡብ አሜሪካን የዞረው። ልክ ነው። የማይወራው ግን ሞተሯ ቺሊን ሳትወጣ ነፍሷ እንደወጣ፣ ከዛ በኋላ የሰው መኪና እየለመኑ እንደሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ፔሩ ውስጥ አማዞን ዳር ሳን ፓብሎ የሚባል የሥጋ ደዌ ህሙማን መንደር ደርሰው ጥቂት ቀን ከርመው ሲወጡ ደሞ በወንዙ የሚሄዱበትን ከግንድ የታሰረ ታንኳ የሰጧቸው የመንደሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ማን ማንን እንደረዳ እናንተው ፍረዱ። ተመልሶ በ1953 መመረቁንም እናቶች ብቻ ናቸው የሚያስታውሱት።

የኛ ልጅ ደረሰ እንበል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ኪሱ አስራ ምናምን የሆነ ሱሪ፣ ገና ፕላስቲኩ ያልተላጠ ስቴቶስኮፕ። ዋርድ ሲገባ ግን መድኃኒት ማዘዝ አይችልም፣ መፈረም አይችልም፣ መቅደድማ ጭራሽ። ግፊት ይለካል፣ ነርሷ እሱ ዞር ሲል ደግማ ትለካለች። ይቺ ነርስ ሰላሳ በሽተኛ እያለባት አሁን ሰላሳ አንድ ሆነላት፣ አጎበር ፈልጊለት፣ የቱ ውሃ እንደሚጠጣ ንገሪው፣ ሲም ካርድ አስወጪለት፣ ሲጠፋ ፈልጊው። የወባ መከላከያ ብሎ የያዘው ሜፍሎኪን ከሆነ ደሞ መድኃኒቱ በቅዠት የታወቀ ስለሆነ ሌሊት ሲጮህ የሚቀሰቅሰው ሰው ያስፈልጋል። (እሱንም ነርሷ ናት የምታዘጋጀው።)

ወደ ቋንቋው ስንመጣ ልጁ ከመሄዱ በፊት ስልኩ ላይ ከአረንጓዴዋ ጉጉት፣ ከቋንቋ ማስተማሪያው መተግበሪያ ከዱኦሊንጎ ጋር ተማምሏል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ዲፕሎማቶቹን አረብኛ፣ ቻይንኛ ወይ ጃፓንኛ በደንብ ለማስቻል 2200 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል ይላል፣ 88 ሳምንት ገደማ ማለት ነው፣ ያውም ደሞዝ እየተከፈላቸው ስራቸው እሱ ብቻ ሆኖ። ልጁ አረብኛን መጋቢት ላይ ነው ያስገባው፣ ሚያዝያ ለስፓኒሽ ስለተያዘ።

እና "የት ጋ ነው የሚያምዎት" የምትለዋን አሳምሮ አጠና። ጥፋቱም እሱ ነው፣ ማሳመሩ። አነጋገሩ ሲያምር አሮጊቷ ቋንቋ የሚችል መሰላቸው፣ እሰይ የሚሰማኝ አገኘሁ ብለው ተመቻችተው ተቀመጡና ከባላቸው ሞት ጀምረው በምራታቸው በኩል አልፈው ጎረቤት ገብተው ወጥተው አንዴ ደረታቸውን አንዴ ጣሪያውን እያሳዩ ሲያወሩ ሲያወሩ ሲያወሩ፣ ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ሁለት ቃል ያዘ፣ ውሃ እና ማክሰኞ። ካርዱ ላይም ጻፈ፣ "ውሃ፣ ማክሰኞ"። ነርሷ ከወዲያ ጥግ መርፌ እየወጋች ዞር እንኳን ሳትል "ጉልበታቸውን ነው" አለችው።

ደሞ ጥቅም የለውም አልልም፣ አለው። ጥቅሙ የሚመጣው ግን እሱ ራሱ ሲታመም ነው። ስለ እጅ መታጠብ ሊያስተምር መጥቶ በሳምንቱ ሆዱ ታጥቦ አልጋ ይይዛል። ነርሷ ኦ አር ኤስ በጥብጣ ይዛ መጥታ በቋንቋዋ የት ጋ ነው ስትለው ያ ሁሉ ጥናት ብን ብሎ ይጠፋና በራሱ ቋንቋ ከእናቱ ጀምሮ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለተለያት ልጅ፣ አንዴ ሆዱን አንዴ ጣሪያውን እያሳየ ይነግራታል። እሷ ግን ማክሰኞ ብላ አልጻፈችም። አጠጣችው፣ አልጋውን አነጠፈችለት፣ ወደ ሰላሳዎቹ ተመለሰች።

ጉዞውን እዘለዋለሁ፣ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ጀምበር ስትጠልቅ ድንጋይ ላይ የቆመ ሰው ነው። ህጻን ታቅፎ የተነሳውም አለ፣ የህጻኑን እናት ማንም አልጠየቃትም፣ እዛው ሆስፒታል ደሞ ኤክስሬይ ለማየት እንኳን ፈቃድ ይጠየቃል።

አመቱ አልቆ ይመለሳል። ሲቪው ላይ ቋንቋዎቹ ተደርድረው ፊት ለፊታቸው "መካከለኛ" ይላል፣ ከስራቸው ደሞ "ለአንድ አመት የገጠር ሆስፒታል አገለገለ" የሚል አለ። ነርሷ ግን ይሄን አላየችም፣ ጊዜም የላትም። ቢሮ ተጠርታ ሰኞ ሌላ እንደሚመጣ ተነግሯታል። ስጋ አይበላም፣ ድመት ያስነጥሰዋል፣ ከተቻለ ኦፕሬሽን ቢሰራ ደስ ይለዋል ተብሏል።