ካሜራ ይዛችሁ ወደ ጭቃ ቤቱ ለምትወርዱ

ቅዳሜና እሁድ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ከኮዬ ፈጬ ማዶ፣ ከየካ አባዶ ወጣ ብሎ ነዋሪው ወደለቀቃቸው መንደሮች የምትጎርፉ ወገኖች፣ ስሙን። ቬሎ አስጎትታችሁ፣ ባለቀለም ጭስ ሸክፋችሁ ትሄዳላችሁ። የየመንን ሺባም ወይም የሞሮኮን አይት ቤን ሐዱ ስልክ ላይ ታዩና «ይሄማ እኛም ጋ አለ» ትላላችሁ። የለም። የበረሃው ቤት በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ወይም ተደብድቦ የጠነከረ አፈር ነው፤ ወፍራሙ ግድግዳ ራሱ ጣሪያውን ይሸከማል፣ ዝናቡም ከቁጥር አይገባም። የእኛ ጭቃ ቤት የሚቆመው በእንጨት ነው፤ ጭቃው ልብሱ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል።

ይህን ሳታውቁ ነው ሙሽራዋን ግድግዳ የምታስደግፉት።

ቋሚው አፈር ውስጥ የተቀበረ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። የሚበሰብሰው ከላይ አይደለም፤ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ነው፣ እርጥበትም አየርም እዚያ ስለሚያገኘው። ሰው ሲለቅ ደግሞ ቆርቆሮውን ነቅሎ ይወስዳል። ጣሪያ ባጣ ቤት ላይ አንድ ክረምት ካለፈ ጭዱ ይሻግታል፣ ምርጊቱ ከማገሩ ይላቀቃል። ኅዳር ላይ ፀሐይ መትቶት ሲደርቅ ግን ደልዳላ ይመስላል። የሚያታልለው ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመደገፋችሁ በፊት ፈትሹ። ምርጊቱ በረገፈበት በኩል የቋሚውን ግርጌ በካቻቢቴ ውጉት፤ እንደ ቅቤ ከገባ ቤቱ ወድቋል ብላችሁ ቁጠሩት። ቱንቢ የለንም አትበሉ፤ ክር ላይ ቁልፍ እሰሩና ከግድግዳው አናት ልቀቁት። ክሩ ግርጌ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ከራቀ ግድግዳው ወደ እናንተ አዘንብሏል። ልስን ላይ የሚታየው የፀጉር ስንጥቅ ምንም አይደለም፣ ጭቃው ሲደርቅ የሸበሸበው ነው። ከበሩ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የወጣውን፣ በተለይም ግርጌው ላይ አግድም የተጋደመውን ፍሩ። በኮዬና በአቃቂ በኩል መሬቱ መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱን በዓመት ሁለቴ ያንገጫግጨዋል።

ከግድግዳው የሚብሰው ግን እግራችሁ ሥር ያለው ነው። ጓሮ ስትዞሩ ሣር ያለበሰው ለጥ ያለ ቦታ ካያችሁ አትርገጡት። የሽንት ቤት ጉድጓድ በግንድ ተረብርቦ አፈር ይለብሳል፤ ግንዱ ሲበሰብስ አፈሩ ባለበት ይቆያል። ዱላ ያዙ፣ መሬቱን እየደበደባችሁ ሂዱ። የባዶ ነገር ድምፅ ከሰጠ ተመለሱ።

ባለቀለም ጭሱን በተመለከተ፣ ማን እንዳስለመዳችሁ እግዜር ይወቀው። የጤፉ ጭድ ተወቅቶ የሚከመረው ታኅሣሥና ጥር ነው፤ እናንተም የምትጎርፉት ያኔ ነው። ያ ክምር የከብቱ የዓመት ቀለብ ነው። ብልጭታ ለመያዝ ደግሞ ከቤንዚን አይተናነስም።

«ሰው የለበትም» የምትሉትም ነገር ይታረም። ግድግዳው ላይ ኩበት ከተለጠፈ፣ ደጃፉ ከተጠረገ፣ ማለዳ በሣር ክዳኑ በኩል ጭስ ከተነነ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ የቀሩት አዛውንቶች ናቸው። ካሜራና ሜትር የያዘ እንግዳ ሲያዩ ለካሳ ሊለካ የመጣ፣ ወይም ደላላ ይመስላቸዋል፤ ቢመስላቸውም አይፈረድባቸውም። እንግዲህ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ ቅረቡ፣ ጠዋት ከሆነ በኦሮምኛ «አካም ቡልታን» (እንዴት አደሩ) በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁና ለምን እንደሆነ ተናገሩ፣ ከዚያ ፈቃድ ጠይቁ። «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው። ለማስታወሻ ብላችሁ የምትነቅሉት ማጠፊያ፣ የምትወስዱት የመስኮት ክፈፍ የሰው ንብረት ነው፤ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሳ በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬት ላይ ያለ ንብረት ካሳ ይታሰብበታል። በከሰል የምትጽፉት ስምና ልብማ ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ፎቶው ራሱ ከባድ አይደለም። ፀሐይ ከወጣችበት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ብርሃኑ ከጎን ይመጣልና እያንዳንዷን የጭድ ዘለላ፣ የመራጊውን የጣት ፈለግ ሳይቀር ያወጣል። በቀትር፣ ይልቁንም በሚያዝያ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ያው ግድግዳ ድፍን ካርቶን ነው። ፍላሽ አትጠቀሙ፣ እሱም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ውስጡን የፈለገ ደፉ ላይ ይቁም፤ ስልኩ ላይ ብርሃን ያረፈበትን የወለል ጠርዝ ነክቶ ብርሃኑን ዝቅ ያድርግ። ጥላው ጥላ ሆኖ ይቅር። ምስሉ ከደፉ ያምራል፣ መግባትም አያሻም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣ።

ሰው ሳለ ከብት ያድርበት የነበረ ቤት ገብቼ ካላየሁ ያለ ደግሞ ቁንጫ ይጠብቀዋል። ሙሹ ውስጥ፣ ማለትም ከመውጣቷ በፊት ተጠቅልላ በምታድግበት ልባስ ውስጥ ሆና ወራት ትተኛለች፤ የእግር ንዝረትና ትንፋሽ ሲሰማት ተፈልፍላ ትዘላለች፣ ባዶ በቆየ ቤት ደግሞ ሁሉም ባንዴ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ መኪና ከመግባታችሁ በፊትም ልብሳችሁን ውጭ አራግፉ፤ ቬሎውንም፣ የኪራይ ነውና።