ለሥጋ ከብት መንጋ ኮርማው ይቅደም

በምዕራብ ጎጃም ከብት ለማርባትና ለማድለብ የተደራጁ ወጣቶች ሰሞኑን ምክር ጠይቀውኝ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ላሞችና ጊደሮች አሏቸው። ባጠራቀሙት ገንዘብ ጥሩ ኮርማ ይግዙ ወይስ ከምርጥ ላምና ከምርጥ ኮርማ የተገኘ ጽንስ በላሞቻቸው ማሕፀን ያስቀምጡ? መልሴ ኮርማው ይቅደም የሚል ነው። ይህን የምለው ግን ጽንስ ማዛወርን ንቄ አይደለም፤ በውጭ አገር የመጀመሪያዋ ጥጃ በዚህ መንገድ ከተወለደችበት ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ አገሮች የተጠቀሙበት፣ በወጉ የታጠበ ጽንስም ከኮርማ ይልቅ በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ የሆነ ትልቅ ጥበብ ነው።

ነገር ግን አሠራሩን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የተመረጠችው ለጋሽ ላም ብዙ እንቁላል እንድትለቅ ለ4 ቀናት ያህል ጠዋትና ማታ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፣ ከዚያም ትዳቀላለች፤ በ7ኛው ቀን ጽንሶቹ ከማሕፀኗ ታጥበው ይወጣሉ። በአማካይ 5 ወይም 6 የሚረቡ ጽንሶች ይገኛሉ ቢባልም፣ አንዷ ከ10 በላይ ስትሰጥ ሌላዋ አንድም ሳትሰጥ ትቀራለች። ተቀባይዋም ላም ከለጋሿ ጋር በተቀራረበ ቀን ኮርማ የፈለገች መሆን አለባት። ሁሉም ተሟልቶ፣ ላሞቹ ጠግበው፣ የባለሙያውም እጅ የተካነ ሆኖ ከ100 ዝውውሮች የሚይዙት ከ50 እስከ 60 ቢሆኑ ነው፤ በረዶ ሆኖ የቆየ ጽንስ ሲሆን ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። ለወጣቶቹ ሒሳቡን በዚህ መልክ አስቀመጥኩላቸው፦ ከ10 ላሞች 8ቱ በጊዜው ዝግጁ ሆኑ፣ ከ8ቱ ግማሾቹ ያዙ ብንል የሚወለዱት 4 ጥጆች ናቸው፤ የሆርሞኑ፣ ጽንሱ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ የሚቀመጥበት የፈሳሽ ናይትሮጅኑና የባለሙያው ወጪ ግን ለ10ሩም ተከፍሏል።

ሌላም ነገር አለ። ተቀባይዋ ላም ከዘሯ ለጥጃው ምንም አታወርሰውም፤ የሚጠባው ግን የእሷን ወተት ነው። ትልቅ አካል ያለው የውጭ ዝርያ ጽንስ በገለባና በግጦሽ በምትኖር ትንሽ ላም ማሕፀን ሲያድግ ወሊዱ ሊያስጨንቃት ይችላል፤ በሰላም ቢወለድ እንኳ ዘሩ የሚጠይቀውን ወተት ከየት ያገኛል? ከጤፍ ጭድና ከበቆሎ አገዳ ሌላ ቀለብ በሌለበት ግቢ፣ የኑግ ፋጉሎ እንኳ በሚወደድበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ጥጃ አቅሙን ሳያሳይ ያድጋል። ገንዘቡ ከጽንሱ በፊት ለመኖ ቢውል ይሻላል።

ኮርማው በአንጻሩ ላሟ በሌሊት ኮርማ ብትፈልግ አያመልጠውም፤ የአገራችን ላሞች ምልክታቸው አጭርና ብዙ ጊዜም ሰው በማያይበት ሰዓት ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጎልማሳ ኮርማ በአንድ ወቅት ከ25 እስከ 30 ላሞችን ያዳርሳል፤ ለሚወለደው ጥጃ ሁሉ የዘሩን ግማሽ ይሰጣል። ሴት ጥጆቹን አስቀርቶ በየትውልዱ ሌላ ጥሩ ኮርማ የሚያስገባ አርቢ በሦስተኛው ትውልድ 87.5 በመቶው ከተመረጡ ኮርማዎች የመጣ መንጋ ይኖረዋል። በእርግጥ ይህ ዓመታት ይፈጃል፤ ጽንስ ግን በአንድ ጊዜ ያደርሳል። እዚህ ላይ ጽንስ የሚደግፉ ሰዎች ትክክል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የራሳችን ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ፈጥኖ ያደገው፣ ትከሻው የሰፋው ወይፈን ለእርሻ ይኮላሻል ወይም ለበዓል ገበያ ይወጣል፤ ላሞችን የሚያስረግዘው በግጦሽ መሬት ላይ ሳይመረጥ የቀረው ነው። ማለትም ሳናስበው ከትውልድ ወደ ትውልድ የምናሳልፈው የደካማውን ዘር ነው። ስለዚህ ኮርማ መግዛት ብቻውን አይበቃም። የጎረቤቱ ወይፈን በጋራ ግጦሹ ላይ ከቀደመው የተከፈለው ገንዘብ ባክኗል። የቀበሌው አርቢዎች ተስማምተው ያልተመረጡትን ወይፈኖች ቡርዲዞ በተባለው የማኮላሻ ጉጠት ማስኮላሸት፣ ይህ ካልሆነም ላሞቹን አጥሮ ማቆየት ግድ ነው።

ኮርማው ሲገዛም በቁመቱና በቀንዱ ብቻ መማረክ አይገባም። እግሩ የጸና፣ ፍሬዎቹ እኩልና የሞሉ መሆናቸው ይታይ፤ ብሩሴሎሲስ የተባለው የውርጃ በሽታ እንደሌለበት ደሙ ይመርመር፤ የእናቱም ታሪክ ይጠየቅ። ሴት ልጆቹ ለኮርማ ሳይደርሱ ደግሞ በሌላ ይተካ፤ አለዚያ ከገዛ ልጆቹ ይወልዳል።

ታዲያ ጽንስ ማዛወር ቦታው የት ነው? ኮርማ በሚፈለፈልበት ቦታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራ ከብት መንጋ ሲጠብቅ ኖሯል። ፎገራ በጣና ዙሪያ ያለውን ረግረግ የለመደ፣ ለወተትም ለሥጋም ለእርሻም የሚሆን የራሳችን ከብት ነው፤ ከሌሎች የደጋ ከብቶች ጋር እየተቀላቀለም እየመነመነ ነው። ጥቂት ምርጥ የፎገራ ላሞች እንደዚህ ባለ ማዕከል ለጋሽ ቢሆኑ አንዷ ላም በዕድሜዋ ከምትወልደው ብዙ እጥፍ ወይፈን ይገኝባታል፤ ከእነዚያ ወይፈኖች የተመረጡት ደግሞ ለወጣቶቹ ማኅበር ይደርሳሉ። የጽንሱ ወጪ ያኔ የሚከፈለው ለ4 ጥጆች ሳይሆን እያንዳንዱ ኮርማ ለሚያዳርሳቸው ላሞች ሁሉ ነው፤ ይህንን ወጪ መንግሥት ቢሸከም ተገቢ ነው እላለሁ።

ወጣቶቹ ለዘንድሮ የተነጋገሩት ኮርማውን በሐምሌ ገዝተው፣ ከመንጋው ለይተው አስመርምረውና አስከትበው፣ ላሞቹ በክረምቱ ሣር ሰውነታቸው ሲመለስ መስከረም ላይ ሊቀላቅሉት ነው። ከ9 ወር በኋላ፣ ዝናቡ ገብቶ ሣሩ ሲለመልም፣ የመጀመሪያዎቹ ጥጆች በሰኔ ይወለዳሉ።