የተዋሳችሁትን መጽሐፍ መልሱ

ወገኖቼ፣ የማያነበውን ሰው ለጊዜው ተዉት፤ እሱን የሚገስጸው ብዙ ነው። ዛሬ ንግግሬ ከእናንተ ጋር ነው፣ መጽሐፍ እንወዳለን ከምትሉት ጋር። የሰው መጽሐፍ ቤታችሁ አለ። መልሱ።

እኔ መጽሐፍ ስገዛ ከሁሉ በፊት ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ስሜን፣ ቀኑንና የገዛሁበትን ሰፈር እጽፋለሁ። ሳነብ እርሳስ ከእጄ አይለይም። ካላሰመርኩበት፣ ኅዳጉ ላይ ከደራሲው ጋር ካልተከራከርኩ ያነበብኩ አይመስለኝም። የወደድኩትን መጽሐፍ በየጥቂት ዓመቱ እመለስበታለሁ፤ ያን ጊዜ ከታሪኩ ጋር በ20 ዓመቴ ምን አስብ እንደነበርም አነባለሁ። እንግዲህ «ጠፋብኝ፣ ዋጋውን ልክፈልህ» የምትሉኝ ሰዎች፣ ገንዘቡ የትኛውን እንደሚተካልኝ ንገሩኝ። ለነገሩ እኛ አገር ብዙው መጽሐፍ አንዴ ታትሞ ካለቀ በዚያው ይቀራል፤ ብር ይዞ ቢዞሩም አይገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ሳገላብጥ አንድ የማውቀው ሽፋን ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከፈትኩት። ስሜ የነበረበት ቦታ በምላጭ ተፍቋል፤ ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። የፋቀው ሰው ግን ወደ ውስጥ አልገለጠም። መሐል ላይ በእርሳስ «ይህን ለእናቴ ላንብብላት» ብዬ የጻፍኩት እንዳለ ነበር። አንብቤላታለሁም፣ ቡና እየቆላች። ለማን እንዳዋስኩት አውቃለሁ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ እንሳሳማለን። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፍዬ የራሴን መጽሐፍ ገዛሁ።

ያ የተፋቀ ቦታ የብራና መጻሕፍቶቻችንን አስታወሰኝ። የጥንት ጸሐፍት «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ብለው፣ የሰረቀውንም የፋቀውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዙ ነበር። ፋቂውን ከሌባው ጎን ማቆማቸውን ልብ በሉ። የሰው ጽሑፍ ገልብጣችሁ፣ የጸሐፊውን ስም አውልቃችሁ ፌስቡክ ላይ የምትለጥፉ፣ በሕይወት ያለ ደራሲ የደከመበትን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም የምትበትኑ፣ እናንተንም ይመለከታችኋል።

የመቅደላ ነገር ሲነሳ የሁላችንም ደም ይፈላል፤ ሊፈላም ይገባል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት ከሌላው ዝርፊያ ጋር በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ሄደ። 350 ያህሉ ብራና ዛሬም ለንደን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው፣ ያለ እሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ገልጸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ተመለሰላቸው። በጦር የዘረፈው እንግሊዝ እንኳ በደብዳቤ ሲጠየቅ አንድ መልሷል። እናንተ ግን ቡናችሁን የጠጣ፣ አምኖ በእጁ የሰጣችሁ ወዳጃችሁ ሲጠይቃችሁ «ፈልጌ እደውልልሃለሁ» ትላላችሁ። ይህ ነውር ነው። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ነገሩ የእኔና የአንድ ወዳጄ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። አዲስ አበባ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አላት፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለላት። በየቀበሌው፣ በየወረዳው ከተማ ላለው ልጅ ግን ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ያለው ጎረቤቱ ነው። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከየመደብሩ ሲለቀም፣ ሕዝቡ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እያዞረ ነው ያነበበው። ያኔ መጽሐፉን ያዋሰ ሰው ለአደጋ የተጋለጠው ተዋሹ እንደሚመልስለት አምኖ ነበር። ዛሬ ምንም አደጋ በሌለበት ያ መተማመን ጠፍቷል። እኔ ራሴ አራት መጽሐፍ ከቀረብኝ በኋላ ማዋስ አቁሜያለሁ፤ የጎረቤት ልጅ መደርደሪያዬን አይቶ «አንዱን ያውሱኛል ጋሼ?» ሲለኝ ሰበብ ፈልጌ መለስኩት። ያን ልጅ ባዶ እጁን የመለሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔም ከእናንተ ጋር አለሁበት።

ዛሬ ማታ መደርደሪያችሁ ፊት ቁሙ። የእያንዳንዱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ግለጡ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበትን ለዩ፣ ደውሉ። ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዱባይ ከሄደ እናቱ ቤት አድርሱለት። «ዘገየሁ፣ አፈርኩ» አትበሉ፤ እፍረቱ በመቆየት አይቀንስም።

እኔም አንድ ነበረብኝ። የተዋስኩት ከሥራ ባልደረባዬ ሲሆን ነገ ዛሬ ስል ሰውየው አረፈ። ዓመት ካለፈ በኋላ አፍሬ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ በሩን ከፈተልኝ፤ መጽሐፉን ሰጥቼው ይቅርታ ጠየቅኩ። አባቱም እንደ እኔ እርሳስ የማይለየው ሰው ነበር። ልጁ እዚያው በር ላይ እንደቆመ ኅዳጉን ማንበብ ጀመረ። «ይግቡ» እስኪለኝ ድረስ አራት ገጽ ገልጧል።