«ከክኒን የሚገላግል» ስለሚለው

የኩላሊት ነርቮችን በማቃጠል የደም ግፊትን ስለሚቀንሰው ሕክምና እዚህ የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ «ከደም ግፊት ክኒን የሚገላግል ሕክምና» የሚለው ርዕስ ግን ሰው ያሳስታል። እኔ የካቴተር (በደም ቧንቧ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ክፍል ነርስ ነኝ። ቀጭኗ ቱቦ በብሽሽት ገብታ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ቧንቧ ውስጥ ትደርስና በሬዲዮ ሞገድ ወይም በአልትራሳውንድ በዙሪያው ያሉትን፣ ግፊት የሚጨምሩ ነርቮች ታቃጥላለች። ሙቀቱ ሲለቀቅ ስለሚያም ማስታገሻ ይሰጣል። ካለቀ በኋላ እግርን ሳያጥፉ ለሰዓታት መተኛት አለ፤ ታካሚ ከሁሉ የሚማረረው በዚህ ነው!

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ 535 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ለከፊሎቹ የማስመሰል ሥራ ብቻ ሠርቶ ሲያወዳድር፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መሣሪያው ተሻሽሎ በኋላ የተሠሩት የተሻለ አሳዩና የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በኖቬምበር 2023 ሁለት መሣሪያዎችን ፈቀደ። ያም ሆኖ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ የሚወርደው በጥቂት ነጥብ ነው። 180 የነበረ ሰው 120 ሆኖ ከአልጋ አይነሳም፤ አብዛኛው ክኒኑንም ይቀጥላል።

ከላይ በአስተያየቶቹ መካከል «እናቴን ውጭ ወስጄ ላሠራላት ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ገንዘብ ከማሰባሰብሽ በፊት ሐኪሟን አነጋግሪ። የሚያሸናውን ጨምሮ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በበቂ መጠን፣ ሳታቋርጥ ትወስዳለች? ለወገቧ ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ትውጣለች? እሱ ራሱ ግፊት ይጨምራል። ሲበዛ ግፊት የሚጨምረው፣ አልዶስትሮን የሚባለው ሆርሞንስ ተመርምሮላታል? ስፓይሮኖላክቶንስ ተሞክሯል? እሱ ርካሽ ክኒን ነው፣ ፖታሲየሟንና ኩላሊቷን በደም ምርመራ እየተከታተሉ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ላይ ግፊቱን ጥሩ አድርጎ ያወርዳል።