ለላይቭ የሚታየው ዳውንሎድ ሳይሆን አፕሎድ ነው

ወንድሜ «ስፒድ ቴስቱ 40 ሜጋ ካሳየ የአዳራሹ ፕሮግራም ኦንላይን ላሉት አይቆራረጥም» ያልከው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው። 40ው ዳውንሎድ ነው፣ ላይቭ ስታደርግ ግን ቪዲዮውን የምትልከው አንተ ስለሆንክ አፕሎዱን እይ። ለ1080 የምስል ጥራት ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የዳታ መጠን) ከ4 እስከ 6 ሜጋ ቢት ይፈልጋል፣ አፕሎዱ ደግሞ የዚህ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። እኛ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ስብሰባ ስናስተላልፍ አፕሎዱ 3 ሜጋ ብቻ ነበር፣ ምስሉ እየቆመ ቤት ሆነው የሚከታተሉት ሰዎች ግማሹን ሳይሰሙት ቀሩ፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ኦቢኤስ (ላይቭ ማስተላለፊያ ሶፍትዌር) ላይ ጥራቱን ወደ 720 እና 2 ሜጋ ሳወርደው ነው የተስተካከለው። ደግሞ በሞባይል ዳታ ከሆነ አዳራሹ ባዶ እያለ ብቻ አትፈትሽ፣ ሰው ሲሞላ ሁሉም ዳታ ከፍቶ አንዱን ታወር ይሻማል። ድምፁን በስልክ ማይክ ሳይሆን ከሚክሰሩ (የአዳራሹ ማይኮች ከሚገናኙበት የድምፅ መቆጣጠሪያ) በኬብል ውሰድ። አፕሎዱ ካነሰም አብሽር፣ ጥራቱን ቀንሰው።