የስንዴ ርጭት ቀን የሚቆረጠው ማሳ ውስጥ ነው

በፀደይ ስንዴው ቁመት መጨመር ሲጀምር የብዙ ገበሬ ጥያቄ አንድ ነው፦ የፈንገስ በሽታ መከላከያውን መቼ ልርጭ? መልሱን የሚፈልገው ግን ከቀን መቁጠሪያ ወይም ከጎረቤት ነው። ጎረቤት መርጫውን ካነሳ ሁሉም ያነሳል። ይህ ልማድ ገንዘብም ምርትም ያስከፍላል ባይ ነኝ።

ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል በደንብ የሚጠብቀው በርጭቱ ቀን የወጣውን ቅጠል ነው። ገና ያልወጣው አይጠበቅም። ስንዴ ደግሞ ፍሬውን የሚሞላው በአብዛኛው ከላይ ባሉት ቅጠሎች ነው፤ በተለይ ዛላው ከመውጣቱ በፊት በመጨረሻ ብቅ በሚለው ቅጠል። ያ ቅጠል ሳይዘረጋ ብቻውን የተረጨ ርጭት ዋናውን ነገር ሳይነካ አለፈ ማለት ነው።

መዘግየትም ያው ነው። ፈንገሱ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ለቀናት ተደብቆ ይቆያል። ቢጫ ዋግ በሚመቸው አየር ምልክቱን ለማሳየት ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ሴፕቶሪያ የሚባለው የቅጠል በሽታ ቅዝቃዜ ካለ እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከላይ ንጹሕ የሚመስል ማሳ ከውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። የሞተ ቅጠል ደግሞ በኬሚካል አይለመልምም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ማሳው ውስጥ መግባት። ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሃሉንም ማየት፣ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ቅጠል መግለጥ። በቅጠሉ ርዝመት መስመር የሠራና ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ቢጫ ዱቄት ቢጫ ዋግ ነው። ቡናማ ጠባሳ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ ሴፕቶሪያ ነው። እሱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው በዝናብ ጠብታ እየተረጨ ስለሆነ፣ ታች ካለና ዝናቡ ከቀጠለ ሳትዘገዩ እርጩ።

ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ግን ለብቻው ነው። ዛላውን የሚይዘው በአበባ ጊዜ ነው። ዛላው ነጥቶ ሲታይ ርጭት አይረዳም፤ እህሉም በመርዝ ሊበከል ይችላል። እዚህ ላይ ምልክት ሳይሆን የአየር ትንበያ ነው የሚታየው። አበባና ዝናብ ከገጠሙ፣ በተለይ የበቆሎ አገዳ በቀረበት መሬት፣ የመርጨት እድሉ የጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ አንድን ኬሚካል ደጋግሞ መርጨት ነው። ስትሮቢሉሪን የሚባሉት ኬሚካሎች እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ሲወጡ ሴፕቶሪያን በደንብ ይይዙ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ፈንገሱ ተላመዳቸው። የንግድ ስም መቀየር ደግሞ ኬሚካል መቀየር አይደለም። መለያው ላይ የሚጻፈውን የቡድን ቁጥር እዩ፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ አሠራሩም አንድ ነው።

የዘር ምርጫም እንዲሁ በየዓመቱ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ዋሪየር የተባለ የቢጫ ዋግ ዓይነት በአውሮፓ ሲገኝ፣ ይቋቋማሉ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ሳይቀሩ ተጠቅተዋል። ዘር ስትገዙ የምትጠይቁት የዘንድሮውን የበሽታ መቋቋም ደረጃ ይሁን። ደረጃው ከወረደ ያንን ማሳ ከሌሎቹ ቀድማችሁ፣ ደጋግማችሁም ፈትሹት።