የጎደለው ይዘቱ ብቻ አይደለም

ስለ አገራችን ሥርዓተ ትምህርት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ሥርዓተ ትምህርቱ ከዛሬ ተማሪ ሕይወት ጋር አይገናኝም ሲሉ ያቀረቡትን ሐሳብ በከፊል እቀበላለሁ፤ ጥፋቱን ሁሉ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ መጫናቸው ግን ተገቢ አይመስለኝም። በደቡብ ወሎ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ አፈር መሸርሸር የሚያትት ምዕራፍ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ተማሪውም አባቱ በየበጋው የሚሠራውን እርከንና ክረምት ሲገባ ደፍርሶ የሚወርደውን የቦርከና ወንዝ እያየ ያደገ ነው። ሆኖም ፈተናው የሚጠይቀው ከአራት አማራጮች ትክክለኛውን ብያኔ መርጦ እንዲያጠቁር ብቻ በመሆኑ፣ መምህሩ ክፍሉን ይዞ ወደ ተዳፋቱ ከመውጣት ይልቅ ማስታወሻ ወደማስገልበጡ ያዘነብላል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ ለፈተና ሲባል ተደርጎም ፈተናው አለመሳካቱ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሙያ ትምህርቶችን ማካተቱን እደግፋለሁ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቅርባችን ስላለ፣ የሙያ ትምህርት ለአካባቢያችን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በጦርነቱ ቤተ ሙከራው የተዘረፈበት ትምህርት ቤት ሙያን በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ እንዲያስተምር ከተተወ፣ ተማሪው የሚያገኘው የሚሸመደድ ሌላ መጽሐፍ እንጂ ሙያ አይሆንም። ጸሐፊው በቀጣይ ጽሑፋቸው የመምህራንን ሥልጠናና የምዘናውን ሥርዓት ቢመረምሩልን እወዳለሁ።